የማሾ መጋዘንና ሁለቱ ሠራተኞች

በማጀቴና በሸዋ ሮቢት የእህል መጋዘኖች ማሾ ሲገባ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች በአንድ ሚዛን አጠገብ ቆመው ይታያሉ። አንደኛው በሥራው ያረጀ ሰው ነው፤ ክንዱን እስከ ክርኑ ወደ ጆንያው አግብቶ ከመካከል ያለውን ፍሬ ያወጣና በጥርሱ ይሰብረዋል። ፍሬው ቀጭ ካለ ደርቋል፤ ጥርስ ከያዘው ገና ፀሐይ ይሻል። ሁለተኛው ከትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ነው፤ የእርጥበት መለኪያውን አንብቦ ቍጥሩን በመዝገብ ያሰፍራል፥ የዕለቱንም ዋጋ ከስልኩ ይመለከታል።

ማሾ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መሸጥ ከጀመረበት ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ የሁለቱ አለመተባበር ብዙ ያስከፍላል። ከናሙናው ባዕድ ነገርና የተበላሸ ፍሬ ተለይቶ ደረጃ ስለሚወጣለት፥ በመጋዘን በር ያልታየ ጉድለት በገበያ ይታያል። ነቀዝም ከማሳ ጀምሮ ተሰውሮ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ በፍሬው ላይ የተጣበቁትን ነጫጭ የእንቍላል ነጥቦች የሚለይ የለመደ ዓይን ይፈልጋል። ጥርስም በበኩሉ ለውጭ አገር ገዢ የሚጻፍ ቍጥር አይሰጥም።

«ሽማግሌው ምሥጢሩን ይደብቃል፥ ወጣቱም አይሰማም» የሚሉ ነጋዴዎች ብዙዎች ናቸው። ስለ ወጣቱ የተባለው አያከራክርም። ስለ ሽማግሌው የሚባለው ግን ፍርድ የጎደለው ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ በ2003 ዓ.ም. የወጣ ቢሆንም፥ በየወቅቱ በቃል ተጠርቶ የሚመጣ ሠራተኛ ስሙ በመዋጮ መዝገብ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሀብቱ እጁ የሚያውቀው ብቻ ነው፤ ይህን ባስተማረ ማግሥት «እንግዲህ ልጁ ይበቃናል» እንዳይባል ማን ዋስ ሆነለት? ነጋዴስ ቢሆን የደንበኞቹን ስም ለጎረቤት ሱቅ ይሰጣልን?

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ የነጋዴው ነው። ወጣቱን ለሥልጠና ወደ ከተማ መላክ ያስመሰግናል፥ ነገር ግን አይበቃም። ማሾ ከመግባቱ በፊት የሽማግሌው የሥራ ውል ይጻፍ፥ ለሚያስተምርበትም ሰዓት የተለየ ክፍያ ይወሰንለት። ጭነት በገባ ቍጥር መለኪያው ከመነበቡ አስቀድሞ ሽማግሌው ፍርዱን ይናገር፤ ከዚያም የሁለቱ ቃል በአንድ መዝገብ ጎን ለጎን ይስፈር። በተለያዩበት ቀን ጆንያው ተፈትቶ ምክንያቱ ይፈለግ። አንዳንድ ጊዜ መለኪያው ሳይስተካከል ቆይቶ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም የሽማግሌው ጥርስ። ሽማግሌውም መለኪያውን ማንበብ ከወጣቱ ይማር፤ ዕድሜውን ሙሉ ብር ሲቈጥር የኖረ ሰው አኃዝ አይጠፋውም።

ወጪውን የሚፈራ ነጋዴ ቢኖር፥ ባለፈው ወቅት ስንት ጆንያ በነቀዝ ምክንያት እንደ ተመለሰበት የራሱን ደብተር ይግለጥ።