የክረምት ደመወዝ ለዲማ ልጆች

ለዲማ ጊዮርጊስና ለአካባቢው ወገኖቼ፦

ሰኔ ሳይገባ የምጽፈው አስቤበት ነው። የኛ ጎረምሳ ክረምት ሲመጣ ወይ የአባቱን ጤፍ ያርማል፣ ወይ ለሰሊጥ አረም መተማና ሁመራ ይወርዳል። ከቆላ ብር ብቻ ሳይሆን ወባና ካላዛር ይዞ የተመለሰው ስንቱ ነው! ከሐምሌ 2015ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ ደግሞ መንገዱም ትምህርት ቤቱም አስተማማኝ አልሆነም። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ልጅ፣ ያውም የቤቱ ደም ያልተመለሰለት ከሆነ፣ ጠመንጃ ያነሣ ጓደኛው ሲጠራው በምን አፉ እምቢ ይላል?

እኔ በምኖርበት በቺካጎ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ነገር ተሞክሯል። ተኩስ ከበዛባቸው ሰፈሮች፣ ከ13 ትምህርት ቤቶች 1,634 ወጣቶች ለክረምት ሥራ አመለከቱ። ቦታ ስላልበቃ ዕጣ ወጣ፤ ለ730ው ደረሳቸው። ስምንት ሳምንት፣ በሳምንት 25 ሰዓት፣ በሰዓት 8.25 ዶላር። አንዱ በካምፕ ሕፃናትን ይጠብቃል፣ ሌላው አትክልት ይኮተኩታል፤ ለዐሥር ለዐሥር ልጅ አንድ ጎልማሳ ተመድቧል። ሣራ ሄለር የተባለች ተመራማሪ 16 ወር ተከታትላ፣ ዕጣ የደረሳቸው በኃይል ወንጀል መያዛቸው በ43 በመቶ ቀንሶ አገኘችው። ስርቆቱ ላይ ይህን ያህል ለውጥ የለም። ቅነሳውም በአብዛኛው የታየው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ነገሩ ልጁን ለሁለት ወር ከመንገድ ማራቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደመወዙ ሲቆም ቅነሳውም አብሮ በቆመ ነበር።

ቺካጎ ዲማ አይደለችም፤ ጦርነትንም የአረም ደመወዝ አያስቆመውም። ግን ለአንድ ልጅ እምቢ የሚልበት ምክንያት ይሆነዋል።

በአገራችን የክረምት ሥራ ሲባል የለመድነው የበጎ ፈቃዱን ነው። መልካም ነው፤ ሆኖም እናቱ የጨውና የዘይት ከእሱ የምትጠብቅ ልጅ በነፃ ችግኝ ትከል ሲሉት ጉልበቱን ሌላ ቦታ ይወስደዋል። እኛ ውጭ ያለነው ለተስካር በአንድ ምሽት እናዋጣ የለም እንዴ? በሕይወት ላለው ልጅ ኪሳችን የሚከብደው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ለመነሻ ሃያ ልጆች ይበቃሉ። ደጋፊ ያጡ ሴቶችን ማሳ ያርሙ፣ የምንጩን አጥር ያጥብቁ፣ የጎርፍ ቦይ ይጥረጉ። ገንዘቡ በዕድሩ ዳኛና ጸሐፊ በኩል ይለፍ። በየገበያው ቀን ለአባት ሳይሆን ለልጁ ለራሱ እጅ ይሰጥ። የስም ዝርዝሩን መሣሪያ የያዘ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ እንዳያየው።

የአረም የቀን ዋጋ ዘንድሮ ስንት እንደደረሰ ንገሩን፤ ከዚያ አሳንሰን መክፈል አንፈልግም። ዕድሮቹ ተመካክራችሁ እስከ ሰኔ ሚካኤል መልሳችሁ ይድረሰን።