አዲሱ ምግብ ቤትና የእኛ ዱቤ

በጥቢው ወር በመስከረም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ድረስ ዓይኑ ይጠግባል። ሜዳው በዐደይ አበባ ቢጫ ይሆናል፤ ከብቱም ለምለም ሣር ይግጣልና ወተቱና ቅቤው ይበዛል። ዳሩ ግን ዓይን ጠገበ ማለት ሆድ ጠገበ ማለት አይደለም። የዛሬው ጨዋታችንም ስለ ሆድ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በፍኖተ ሰላም ተመድቤ እሠራ በነበረ ጊዜ፣ ልክ በዚሁ ወር በሰፈራችን አንድ አዲስ ምግብ ቤት ተከፈተ። ባለቤቲቱ ልጆቻቸውን ለብቻቸው የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸው ነበር። ቤቱ ከአራት ጠረጴዛ አይበልጥም፤ ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ በበሩ አጠገብ የእጅ ውሃና ሳሙና አለ። ሽሮው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይቀርባል፤ እንጀራው ዓይናማ፣ በርበሬውም የቡሬ ነው። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ አለ። ከሥራ ደክሞት ለወጣ ወንደላጤ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል?

በመጀመሪያው ሳምንት በጥሬ ገንዘብ ከፈልን። በሁለተኛው ሳምንት ደመወዝ ገና ነበርና አንዱ ባልደረባችን «እትዬ፣ ይመዝግቡልኝ» አላቸው። እርሳቸውም «ምን ቸገረ ልጄ፤ ቤትህ አይደለም እንዴ!» አሉት። አንዱን አይቶ ሌላው ተከተለ፤ ወሩ ሳያልቅ ደብተሩ በስማችን ተሞላ። ደመወዝ በወጣ ዕለት ግማሹን ከፍለን የቀረውን ለሚመጣው ወር አልን። ገንዘቡን የት አደረሳችሁት ቢሉ፣ በዋናው መንገድ ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች ገብተን ጥብስና ቢራ አዘዝን፤ ሳንጠየቅም ጉርሻ ጨምረን ከፈልን።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በዋና መንገድ ላይ ያለ ቤት በመንገደኛ ይኖራል፤ መንገደኛም በልቶ፣ ከፍሎ፣ አውቶቡሱን ይይዛል። የሰፈር ቤት ግን የሚኖረው በጎረቤት ነው። ጎረቤት ያስመዘግባል፤ ማፈር የሚገባው ተበዳሪው ሆኖ ሳለ፣ ይሉኝታ ይዟት የምታፍረው አበዳሪዋ ናት።

ደግሞም መስከረም ለዓይን የጥጋብ ወር ይሁን እንጂ ለጎተራ የጉድለት ወር ነው። ጤፉ ገና በማሳ ላይ አረንጓዴ ነው፤ አዲሱም በርበሬ አልደረሰም። በገበያ ያለው ያለፈው ዓመት እህል ስለ ሆነ፣ እያለቀ ሲሄድ ዋጋው ይወጣል። እህል ነጋዴው ለእትዬ ጤፍ በዱቤ አይሰጣቸውም፤ እኛ ግን እንጀራቸውን በዱቤ እንበላለን። በመካከሉ ያለውን ጉድለት የሚሞላው ማን ነው?

እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን በ1900 ዓ.ም. በከፈቱ ጊዜ፣ ምግብ ገዝቶ መብላት እንደ ነውር ይታይ ስለ ነበር ደፍሮ የሚገባ ጠፋ ይባላል። ዐፄ ምኒልክም መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተውና ከፍለው፣ ነውሩን እንዳስቀሩት ይተረካል። የዚያ ዘመን ሰው ከፍሎ መብላትን ያፍር ነበር፤ እኛ ደግሞ በልቶ አለመክፈልን ማፈር ተውን።

ኅዳር ገብቶ ጤፉ መታጨድ ሲጀምር፣ አንድ ማታ ብንሄድ በሩ ተዘግቷል። ጠረጴዛዎቹም ተሸጠዋል። በማግሥቱ ከመኖሪያ ቤታቸው ሄጄ ያለብኝን ከፈልሁ። እትዬ ደብተሩን አውጥተው ስሜን ሰረዙ፤ ቡናም አፈሉልኝ። የተናገሩኝ ይህን ብቻ ነው፤ «ምነው ልጄ፣ ትንሽ ቀደም ብለህ መጥተህ ቢሆን!»

ስለዚህ ወጣት አንባቢዬ፣ በሰፈርህ አዲስ ምግብ ቤት ሲከፈት መጀመሪያ ስለ ወጡ ጣዕም አትጠይቅ፤ ስለ ራስህ ኪስ ጠይቅ። ቢቻልህ የወሩን ኮንትራት በቅድሚያ ክፈል፤ ባለቤቲቱ ጤፉን በኪሎ መግዛት ትታ በኩንታል ትገዛበታለች። ባይቻልህ ደመወዝህ በወጣ ዕለት ከሁሉ በፊት የእርሷን ደብተር ዝጋ።

በየሱቁ «ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ ይሞክሩ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ስናይ እንስቃለን። የለጠፈው ሰው ግን ቀድሞ «ምን ቸገረ ልጄ» ይል የነበረ ሳይሆን አይቀርም።