የፕላዝማው ችቦና የቆሰበር ቅቤ

ባለፈው ሰሞን ለሥራ ወደ ባህር ዳር ስጓዝ ቆሰበር ላይ አደርኩና በማግሥቱ ገበያውን ዞርኩት። የቅቤ ተራ ላይ ቆሜ ግብይቱን ስመለከት ገዢዋ ጣቷን ቅቤው ላይ ነካ አድርጋ ወደ አፍንጫዋ ትወስዳለች፤ ታሸታለች፤ ስለ ዋጋ የሚነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው። ጭስ ጭስ ያለ ወይም የቆየ ከሆነ ዋጋው እዚያው ይወድቃል። «እማማ፣ ሁሉም እንዲህ አሽትቶ ነው የሚገዛው?» ብዬ አንዷን ሻጭ ጠየቅኳቸው። «ታዲያ ሳያሸት የሚገዛ ሞኝ አለ እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

በዩኒቨርሲቲ ስለ ጥራትና ስለ ዋጋ ግንኙነት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተምሬያለሁ። እማማ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ገበያ ያሸተተውን ይዋጃል፤ ያላሸተተውን በነፃ ያሳልፋል።

ከሰዓት በኋላ መንገዴ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የጤና ተቋም ጓሮ በኩል ወሰደኝ። በጡብ የተሠራች ማቃጠያ ትጨሳለች። የአዊ ብርድና ጉም ጭሱን ወደ ላይ አላስወጣው ብሎ፣ ወደ ጎን ተኝቶ ከአጥሩ ማዶ ባለው ግጦሽ ላይ ያርፋል። ግጦሹ ላይ ላሞች ነበሩ። እሳቱ ውስጥ ያለው የግሉኮስ ላስቲክ፣ የደም ከረጢት፣ ቱቦ፣ ሲሪንጅ፣ ጓንት፣ ካርቶን፣ የምሳ ትራፊ ሳይቀር ነው። ሁሉም ባንድ ላይ።

ይህ ጸሐፊ የተማረው ኢኮኖሚክስ እንጂ ኬሚስትሪ አይደለም። ቢሆንም ጉዳዩ ለማንም የሚገባ ነው። ከቱቦውና ከከረጢቱ ብዙው የሚሠራበት ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው ፕላስቲክ ክሎሪን አለበት። እሱ በወጉ ሳይነድ ሲቀርና ጭሱም ከ450 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መካከል እየተንቀራፈፈ ሲቀዘቅዝ ዳይኦክሲን የሚባለው መርዝ ይፈጠራል። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ከዳይኦክሲኖች ሁሉ የከፋውን እ.ኤ.አ. በ1997 ሰውን ለካንሰር ከሚዳርጉት ተርታ መድቦታል። መርዙ ሣር ላይ ያርፋል፤ ላሚቱ ከሣሩ ጋር ትበላዋለች፤ ከስቧ ጋር ይጣበቃል፤ ከወተቷ ስብ ጋርም ይወጣል። የወተት ስብ ደግሞ ቅቤ ነው። በዚያ መጠን ሽታም ቀለምም የለውም፤ የገዢዋ ጣትና አፍንጫ አያገኙትም።

የቆሰበር ቅቤ ተመርዟል አላልኩም፤ ባለ ቅቤዎቹ በከንቱ ቢወቀሱ ኃጢአቱ የእኔ ነው። ይህን ለማለት መለካት ያስፈልጋል፤ ለአንድ ናሙና ምርመራ የሚጠየቀው ክፍያ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከማቃጠያ በሚወጣ አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ ውስጥ የሚፈቅደው የዳይኦክሲን መጠን 0.1 ናኖግራም ብቻ ነው። ናኖግራም የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ማለት ነው። አንባቢ ከዚያች የጡብ ማቃጠያ ጋር ያነጻጽረው።

ወደ ገበያችን እንመለስ። አዲስ አበባ ስመለስ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ባለ ቀለም ብሮሹር ይዞ ጠበቀኝ። «የቆሰበርህን ጭስ የሚያጠፋ ማሽን ይኸውልህ» አለኝ። ማሽኑ ፕላዝማ ይባላል። ሆስፒታል ስለተነሳ የደም ፕላዝማ እንዳይመስላችሁ። ጋዝ በኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሲመታ ቅንጣቶቹ ይሰነጠቁና ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ይሆናል፤ ከጠጣር፣ ከፈሳሽና ከጋዝ ቀጥሎ አራተኛው የቁስ ሁኔታ የሚባለው ይህ ነው። መብረቅ ፕላዝማ ነው። በየመንገዱ ዳር በጥቁር መነጽር የምናየው የብየዳ ብልጭታም እንዲሁ። የፕላዝማ ችቦ እምብርቱ ብዙ ሺህ ዲግሪ ይደርሳል። ዳይኦክሲን ከ850 ዲግሪ በላይ ለሁለት ሰከንድ ያህል ከቆየ ይፈርሳል፤ ቆሻሻው ክሎሪን የበዛበት ከሆነ ደግሞ 1,100 ዲግሪ ይጠየቃል። ስለዚህ ችቦው የማይፈታው መርዝ የለም ማለት ይቻላል። የወጣው ጋዝ በፍጥነት ከቀዘቀዘ ደግሞ መርዙ እንደገና የሚፈጠርበት ጊዜ አያገኝም። ሳይሞቅ የሚሠራ «ቀዝቃዛ» ፕላዝማም አለ፤ በጭሱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይለቀቅና ቅንጣቶቹን ይሰባብራል።

ሳይንሱ እውነት ነው። ጓደኛዬ አልዋሸም። አውስትራሊያ ውስጥ ፕላስኮን የተባለው የፕላዝማ ማሽን የማቀዝቀዣ ጋዞችንና ሌሎች ክሎሪን ያለባቸውን መርዞች ለዓመታት አጥፍቷል። ጥያቄው ማሽኑ ይሠራል ወይ አይደለም፤ ለቆሰበር ያዋጣል ወይ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋም ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶው እንደ ማንኛውም የቤት ቆሻሻ ነው፤ አደገኛው 15 በመቶው ብቻ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች አደገኛው ክፍል በአንድ አልጋ በቀን 0.2 ኪሎ ግራም ገደማ ይገመታል። 100 አልጋ ያለው ሆስፒታል እንግዲህ በቀን 20 ኪሎ፣ በዓመት ከ7 ቶን ጥቂት ከፍ የሚል አደገኛ ቆሻሻ ያወጣል። ይኸው ነው። ጭሱ የሚበዛው 15ቱ ከ85ቱ ጋር ስለሚደባለቅና ሁሉም አደገኛ ስለሚሆን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ፕላዝማ መብራት ይበላል» ብሎ ይደመድማል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ለአንድ ኪሎ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢበላ እንኳ ለ20 ኪሎ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ይህ ለሆስፒታል የሚያስደነግጥ ሒሳብ አይደለም። ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ጓደኛዬም «ኤሌክትሪክ ሞልቶ!» ብሎ የተከራከረኝ በዚሁ ነው። ውዱ ነገር ሌላ ነው። የማሽኑ ዋጋ በመቶ ሺዎችና በሚሊዮኖች ዶላር ይቆጠራል። የችቦው ኤሌክትሮዶች እየተበሉ ይለወጣሉ፤ የምድጃው ሽፋን እየተሰነጠቀ ይታደሳል፤ ሁሉም መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ ይመጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። በቀን 20 ኪሎ ለማቃጠል ይህን ዕዳ የሚሸከም የትኛው ሆስፒታል ነው?

ሌላም አለ። የኃይል መጠን ሌላ፣ የኃይል አለመቆራረጥ ሌላ። ግድቡ ሞልቶ ሳለ የከተማው ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል። ችቦው እየሠራ፣ ምድጃው ቆሻሻ እንደያዘ መብራት ጠፋ እንበል። ምድጃው መቀዝቀዝ ይጀምራል፤ በቀስታ ከ450 ወደ 200 ዲግሪ ይወርዳል። ዳይኦክሲን የሚወደው ሙቀት ይኸው አይደለም እንዴ? መርዙን ለማጥፋት ሚሊዮኖች ያወጣንበት ማሽን መብራት በሄደ ቁጥር መርዝ ያበስልልናል ማለት ነው። ጄኔሬተር ይጨመርበት ከተባለ ነዳጁንም ሒሳቡ ውስጥ አስገቡት።

ሀብታሞቹም ቢሆኑ እጃቸው ተቃጥሏል። ኤር ፕሮዳክትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንግሊዝ አገር ቲስ ቫሊ ውስጥ ቆሻሻን በፕላዝማ ወደ ጋዝ ለውጠው ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ሁለት ግዙፍ ተቋማት ሲገነባ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ጥሎ ወጣ። የተሰረዘው ገንዘብ አንድ ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። ካናዳ ኦታዋ ላይ ተመሳሳይ ሕልም የነበረው ፕላስኮ ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከአበዳሪዎቹ የሕግ ከለላ ጠይቋል። ላቦራቶሪ ውስጥ ያማረው ማሽን ዓይነቱ በየቀኑ የሚለዋወጥ፣ እርጥብና ድብልቅልቅ ያለ ቆሻሻ ሲጎርስ ያንቀዋል።

ታዲያ ፕላዝማ ለኢትዮጵያ ጨርሶ አያስፈልግም ማለቴ ነውን? አይደለም። ቦታው ቆሰበር አይደለም ነው የምለው። ረጲን እንመልከት። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። በዓመቱ፣ ነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ እዚያው አጠገብ 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈሰሰበት የረጲ ደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። የተነደፈው በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ነው። ከምረቃው በኋላ ሳይሠራ የቆየባቸው ጊዜያት እንደነበሩ ይታወሳል፤ የአዲስ አበባ ቆሻሻ በእርጥብ ትራፊ የተሞላ መሆኑም ለማንም ምድጃ ከባድ ነው። እንዲህ ያለው ዘመናዊ ተቋም ዳይኦክሲኑን በጨርቅ ማጣሪያና በከሰል ዱቄት ከጭሱ ይለቅመዋል። ግን መርዙ የት ሄደ? ማጣሪያው ላይ የቀረው አመድ ውስጥ ነው። በሌሎች አገሮች ልምድ ይህ አመድ ከሚቃጠለው ከ2 እስከ 5 በመቶ ይሆናል። ረጲ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ በቀን ከ28 እስከ 70 ቶን መርዛም አመድ ማለት ነው።

ፕላዝማ ጉልበቱን የሚያሳየው እዚህ ነው። ፈረንሳይ ቦርዶ አጠገብና ጃፓን ውስጥ ይህንኑ አመድ በፕላዝማ አቅልጠው ወደ ጥቁር የመስታወት ድንጋይ ለውጠውታል። አመዱ ዓይነቱ አይቀያየርም፤ ደረቅ ነው፤ ቦታው አንድ ነው፤ ኃይል ማመንጫውም ጎረቤቱ ነው። ሁለተኛው ቦታ በየመጋዘኑ የሚከማች ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ ነው። በ1990ዎቹ በእኛ አቆጣጠር 1,500 ቶን ያህል እንዲህ ያለ መርዝ በፋኦ አስተባባሪነት ታሽጎ በመርከብ ፊንላንድ ድረስ ተልኮ ነው የተቃጠለው። ወደፊት ተመሳሳይ ክምችት ሲኖር የመርከቡን ሒሳብና የማሽኑን ሒሳብ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

ለቆሰበርስ? ለቆሰበር የሚበጀው ርካሹ ነገር ነው፤ ርካሽ ነገር ደግሞ ብሮሹር የለውም። አንደኛ፣ 85ቱን ከ15ቱ መለየት። ሦስት ቀለም ያላቸው ባልዲዎችና ነገሩን በቁም ነገር የምትይዝ አንዲት ኃላፊ ነርስ ይበቁታል። ከዚያ የሚተርፈውን ተላላፊ ቆሻሻ በ121 ዲግሪ እንፋሎት የሚቀቅል አውቶክሌቭ አለ። ጀርሙ ይሞታል፤ ፕላስቲኩ ግን አይነድምና ዳይኦክሲን አይወለድም። መብራት ቢሄድ ቆሻሻው ሳይቀቀል ይቆያል እንጂ ማንንም አይመርዝም፤ ሲመጣ እንደገና ይጀመራል። የካንሰር መድኃኒት ትራፊና የሰውነት ክፍል በዚህ አይስተናገዱም፤ ለእነሱ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። አንድ ትልቅ አውቶክሌቭ ቆሰበር ላይ ተተክሎ የዳንግላንና የቻግኒን ቆሻሻ በመኪና ቢሰበስብ፣ እያንዳንዱ ተቋም በኪሎ ቢከፍል፣ የግል ክሊኒኮችም ጭምር፣ ከትራንስፖርቱ አንድ ሁለት ወጣቶች ሥራ ያገኛሉ። ይህ ንግድ ነው፤ ልመና አይደለም።

መክፈሉ ላይ ነው ነገሩ የሚከረው። ጭሱን ያወጣው ተቋም ስለ ጭሱ አንድ ሳንቲም አይከፍልም፤ ዕዳው ባለ ላሟ ላይ ያርፋል። ፒጉ የተባለው እንግሊዛዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው መጽሐፉ የጻፈው ይህንኑ ነበር። በእኛም አገር ሕግ አልጠፋም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። ዳይኦክሲንን በስም ጠርቶ ልቀቱ እንዲቀንስ፣ ከተቻለም እንዲቀር የሚጠይቀውን የስቶክሆልም ስምምነትም ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት አጽድቃዋለች። በኪሎ የሚከፈል ዋጋ ከሌለ ግን አዋጁ ምድጃው አጠገብ ያለችውን የጽዳት ሠራተኛ እጅ አይዝም፤ ማቃጠል ነፃ ነው፣ መለየት ድካም ነው።

ግዢ ላይም ብዙ ሥራ አለ። የግሉኮስ ከረጢት ያለ ፒ.ቪ.ሲ. የተሠራ በገበያ ይገኛል። ለመንግሥት ጤና ተቋማት የሚገዛው የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ጨረታ ሲያወጣ ይህችን አንዲት መስመር ቢጨምር፣ በየገጠሩ ያሉት የጡብ ማቃጠያዎች እስኪፈርሱ ድረስ እንኳ የሚነደው ክሎሪን ይቀንሳል።

ለጓደኛዬ ይህን ሁሉ ነገርኩት። «አውቶክሌቭ ኮሚሽኑ ትንሽ ነው» አለና ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ለቆሰበር፣ ለዳንግላና ለቻግኒ የሚበቃውን ዋጋ በጽሑፍ እንዲያመጣልኝ ጠየቅሁት። ይኸው ሁለተኛ ሳምንቱን ያዘ፤ ፕሮፎርማው ገና አልደረሰኝም።