ከጋፋት እስከ ጠረጴዛ ጨዋታ፦ ትንንሾቹ ኩባንያዎች ተስፋ አላቸው?

ጠረጴዛ ላይ በትንንሽ የወታደር ምስሎች የሚካሄደውን የጦርነት ጨዋታ ገበያ የሚመራው የ«ዋርሃመር» ባለቤት፣ የእንግሊዙ ጌምስ ወርክሾፕ ነው። በ2017 ዓ.ም ለንደን ገበያ ላይ ካሉት 100 ግዙፍ የአክሲዮን ኩባንያዎች ተርታ ገብቷል።

ታዲያ ትንንሾቹ አበቃላቸው? አይመስለንም። ግዙፉ በዋናነት የሚሸጠው ምናባዊ ዓለም ነው፤ የእውነተኛ ታሪክ ሜዳው ሰፊ ነው። በዚያ ላይ በስሪዲ ፕሪንተር ዘመን ፋብሪካ የግድ አይደለም፤ ዲዛይኑን በፋይል ትሸጣለህ፣ ገዢው ቤቱ ያትመዋል።

እኛ ደብረ ታቦሮች ደግሞ ታሪኩ ደጃችን ነው። ሴባስቶፖል የተሠራው እዚሁ ጋፋት ነው፤ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ የወጣው ለ1860ው ጦርነት ነው። ይሄ ለአንድ ጨዋታ በቂ ነው።

ማነቆው መብራት፣ ኔትወርክና ከውጭ ክፍያ መቀበያ ነው። እነሱ ካልተፈቱ ሴባስቶፖልን ሌላ አገር ያለ ሰው ቀርጾ ለእኛው ይሸጥልናል።