ኮርች ምን በደለ?

አዲስ አበባ ውስጥ ችግኝ መሸጫ ገብታችሁ «የሚያብብ ዛፍ» ብላችሁ ጠይቁ። የሚቀርብላችሁ ወይ የድሬዳዋ ዛፍ ነው፣ ወይ ጃካራንዳ። ኮርች አለ ወይ ብትሉ ግን «የገጠር አጥር ምን ያደርግላችኋል?» የሚል ዓይን ይቀበላችኋል።

ለመሆኑ የድሬዳዋ ዛፍ የማን ነው? የትውልድ አገሩ ማዳጋስካር ነው። ጃካራንዳም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። አባቶቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ ይሻሉ ነበር፤ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣውን «ባሕር ዛፍ» ብለው እንግድነቱን በስሙ ላይ አተሙበት። እኛ ግን ለማዳጋስካሩ የድሬዳዋን የልደት ምስክር ወረቀት ሰጥተን የገዛ ልጃችንን ከደጅ አስቀረነው።

ልጃችን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሊቃውንቱ ኤሪትሪና ብሩሴይ የሚሉት የኮርች ዓይነት ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር በተፈጥሮ አይበቅልም። ስሙ እንኳ በ18ኛው መቶ ዘመን ለመጣው ስኮትላንዳዊ፣ ለጄምስ ብሩስ መታሰቢያ ሆኗል። መንገደኛው ያየውን ባለቤቱ ማየት ተሳነው።

የምናከብራቸውን እንግዶችስ መች ለይተን አወቅን? ሳያብቡ ሁለቱም ላባ መሳይ ቅጠል ስላላቸው ያሳስታሉ። የድሬዳዋ ዛፍ ደቃቅ ቅጠሎች ጫፋቸው ድቡልቡል፣ የጃካራንዳ ሹል ነው። የመጀመሪያው ፍሬ እንደ ጎራዴ ይረዝማል፤ የሁለተኛው ክብና ጠፍጣፋ ነው። ኮርች ግን አያሳስትም፦ በአንድ ዘንግ ሦስት ሰፋፊ ቅጠል፣ እሾሃም ቅርንጫፍ፣ ቅጠሉን አራግፎ በበጋ የሚፈነዳ ቀይ አበባ።

የድሬዳዋ ዛፍ ሙቀት ወዳድ ነው። 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለችው ድሬዳዋ ጥላው በረከት ነውና እዚያ ይኑርላት፤ ይቆረጥ የሚል የለም። አብዛኛው ክፍሏ ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነው አዲስ አበባ ግን ብርዱ ያኮሰምነዋል። ኮርች ደጋውን ያውቀዋል።

«አገር በቀል ዛፍ ዘመን ይፈጃል» የሚሉ አሉ። ለዝግባ ይሠራ ይሆናል፤ ለኮርች ግን ስም ማጥፋት ነው። ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ቁርጡ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ሥር አቆይቶ፣ ክረምት ሲገባ መትከል ነው። ገበሬው አጥር ያደረገው ስለሚጸድቅለት እንጂ ሞኝ ሆኖ አይደለም። ሥሩ አፈሩን በናይትሮጅን ያዳብራል፤ አበባው ንብና ወፍ ይቀልባል። እሾህ አለው? አዎን። ፍሬውስ መርዛማ ነው? አዎን። እንግዲያው ከልጆች መጫወቻና ከእግረኛ መንገድ ራቅ አድርጎ መትከል ነው።

አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስንት ችግኝ እንደተተከለ ይነገረናል። ምን ተተከለ? የት? ለምን? ይህን የሚነግረን ጥቂት ነው። ስለዚህ በመጪው ክረምት ችግኝ ሲያስጨብጧችሁ መጀመሪያ ስሙን፣ ቀጥሎ አገሩን ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ጉድጓዱን ለኮርች አቆዩት።