ያገለገለ መኪና ገበያና ከሊብሬው ጀርባ የቀረው ታሪክ

የመኸር ምርት ተሰብስቦ እህሉ ለገበያ በሚወጣባቸው ወራት በየከተማው የሚገኘው ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ገበያም አብሮ ይሞቃል። ሰሊጥ፣ ጤፍ ወይም ስንዴ ሸጦ ጥሪት የቋጠረ አርሶ አደር ከወንድሞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ አይሱዙ የጭነት መኪና ለመግዛት ያስባል። የከተማው ነዋሪ ደግሞ ቤተሰቡን የምታመላልስ ቪትዝ ወይም የዕለት ገቢ የምታስገባ ሚኒባስ ያፈላልጋል። ሁለቱም የሚጋሩት አንድ ችግር አለ፤ መኪናው ከእነርሱ በፊት በስንት እጅ እንዳለፈ፣ ምን አደጋ እንደደረሰበትና ምን ዕዳ እንደተሸከመ የሚነግራቸው ብዙውን ጊዜ ሻጩ ወይም ደላላው ብቻ ነው።

ችግሩ አዲስ ባይሆንም ያለፉት ጥቂት ዓመታት የፖሊሲ ለውጦች ክብደት ጨምረውበታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አገልግለው ወደ አገር በሚገቡ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚጨምር ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሦስቱ እርምጃዎች ድምር ውጤት ግልጽ ነው። ቀድሞ በአገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና በሌላ አይተካምና ዋጋው ከዕድሜው ጋር አብሮ አይወርድም። አሮጌው መኪና ይጠገናል፣ ይቀባል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል። በተዘዋወረ ቁጥርም ታሪኩ ይረዝማል፤ የሚያውቀው ሰው ግን እየቀነሰ ይሄዳል።

የአንድ መኪና ታሪክ በአንድ መስኮት ተጠይቆ የሚገኝ አይደለም። የባለቤትነቱ ፋይል መኪናው በተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል። የብድር ዋስትናው በባንክ ወይም በማይክሮ ፋይናንስ ተቋም፣ እግዱ በፍርድ ቤት፣ የደረሰበት አደጋ በትራፊክ ፖሊስና በመድን ድርጅት፣ የቀረጡ ጉዳይ በጉምሩክ ይገኛል። በደብረ ታቦር ወይም በፍኖተ ሰላም ተቀምጦ የአዲስ አበባ ሰሌዳ ያለውን መኪና የሚገዛ ሰው ፋይሉን ለማየት የመንገድ ወጪ፣ የሆቴልና ቢያንስ የሁለት ቀን ሥራ መፍታት ይጠበቅበታል። አቋራጩ መንገድ የሚቀርብለትም በዚህ ጊዜ ነው፤ «ሊብሬው እጄ ላይ ነው፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ይባላል።

ሊብሬ የመኪናውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር፣ የሥሪት ዘመንና የባለቤቱን ስም ይናገራል። መኪናው ዛሬ ጧት በፍርድ ቤት መታገዱን ግን አይናገርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ሊብሬውን ማየት ሳይሆን ሊብሬውን ከፋይሉ ጋር ማመሳከር ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ምዝገባውን የሚመራ ሕግ ሲሆን፣ የሻጩ ስም፣ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር በፋይሉ ላይ ካለው ጋር በአንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ ግዢው እስኪጣራ ድረስ መቆም አለበት። ቁጥሩም ከወረቀት ወደ ወረቀት ብቻ ሳይሆን ከብረቱ ላይ መነበብ ይኖርበታል። በሻንሲው ቁጥር ዙሪያ የብየዳ ምልክት፣ የተፋቀ ብረት ወይም በአካባቢው ብቻ የታደሰ ቀለም ከታየ የደላላው ማብራሪያ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ በቂ ሊሆን አይገባም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በነበረው ጦርነት ከግለሰቦችም ሆነ ከመሥሪያ ቤቶች እጅ የተዘረፉ ተሽከርካሪዎች እንደነበሩ የሚታወቅ በመሆኑ፣ በዚህ አካባቢ የሚገዛ ሰው ጥንቃቄውን ሊያጠብቅ ይገባል።

ብዙ ገዥዎችን ፍርድ ቤት የሚያደርሰው ግን የተሰረቀ መኪና ሳይሆን ውክልና ነው። የስም ማዛወሪያ ወጪንና ምልልስን ለመሸሽ ሻጭና ገዥ በሰነድ አረጋጋጭ ፊት ቀርበው የውክልና ሥልጣን ብቻ ይሰጣጣሉ። ገዥው መኪናውን ይነዳል፣ በዓመቱ ቦሎ ያስለጥፋል፣ አልፎ ተርፎም በያዘው ውክልና ለሦስተኛ ሰው ይሸጣል። በሕጉ ዓይን ግን ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ወካዩ ሲሞት ደግሞ ውክልናው በመርህ ደረጃ ያበቃል። ለምሳሌ አንድ አይሱዙ በውክልና ሦስት ጊዜ ተዘዋውሮ ከሆነ፣ አራተኛው ገዥ የሚተማመነው አይቶት በማያውቀው የመጀመሪያ ባለቤት ዕድሜና በጎ ፈቃድ ላይ ነው። ያ ሰው ቢያርፍ ወራሾቹ መኪናው የአባታችን ነው ብለው ቢመጡ መዝገቡ የሚደግፈው እነርሱን ነው።

አደጋው በገዥው ላይ ብቻ የሚወድቅ አለመሆኑ ብዙም አይነገርም። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ጥፋቱን ያደረሰው ሌላ አሽከርካሪ ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ መኪናውን በውክልና «ሸጦ» ገንዘቡን በልቶ የጨረሰ ሰው ከዓመታት በኋላ በማያውቀው መንገድ ላይ ለሞተ እግረኛ ካሣ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል። የስም ዝውውሩ ወጪ ለሁለቱም ወገን የመድን ዋጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ወጥመድ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ነው። በግብርናና በሌሎች ዘርፎች የተሰማሩ ባለሀብቶች፣ የእርዳታ ድርጅቶችና ሌሎች መብቱ የተሰጣቸው ወገኖች ፒክአፕና የጭነት መኪና ያለ ቀረጥ ሲያስገቡ ቆይተዋል። እንዲህ ያለው መኪና መብቱ ለሌለው ሰው የሚተላለፈው በመጀመሪያ ቀረጥና ታክሱ ሲከፈል ነው። ከዚያ በፊት የሚደረግ ሽያጭ በጉምሩክ ሕግ ጥፋት ሲሆን መኪናውንም ሊያስወርስ ይችላል። ዋጋው ከገበያው በእጅጉ ዝቅ ያለ ሂሉክስ ሲቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዲክላራሲዮኑ የት አለ?» መሆን አለበት። ርካሽ የሚባለው ዋጋ ብዙ ጊዜ ያልተከፈለው ቀረጥ ተቀንሶለት ነው፤ ያንን ቀሪ ሂሳብ የሚከፍለው ደግሞ የመጨረሻው ገዥ ይሆናል።

ዕዳውም ሌላ ጉዳይ ነው። በተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሚሰጥ ዋስትና የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረቶች ለብድር ዋስትና ሲያዙ የሚመዘገቡበትን ሥርዓት በብሔራዊ ባንክ ሥር አቋቁሟል። ገዥ ሻጩን «ዕዳ አለብህ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ዋስትናና እግድ አለመኖሩን በጽሑፍ ማረጋገጫ እንዲያቀርብ ማድረግ ይችላል። ማረጋገጫው ከተሰጠ ብዙ ቀን ያለፈው ከሆነ ዋጋው አነስተኛ ነው፤ እግድ በአንድ ቀን ይገባልና።

ከሻጩ ጋር የማይታዩ ሌሎች ባለመብቶችም አሉ። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት የሚሸጠው በባልና ሚስት ስምምነት መሆኑን ይደነግጋል። ያልተስማማው ተጋቢ ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ዝርዝሩ በየክልሉ መታየት ይኖርበታል። መኪናው የሟች ውርስ ከሆነም የአንዱ ልጅ ፊርማ ብቻውን አይበቃም፤ የወራሽነት ማስረጃውና የሁሉም ወራሾች ስምምነት ያስፈልጋል።

ወረቀቱ ከጠራ በኋላ ተራው የብረቱ ነው። አርሶ አደር በሬ ሲገዛ ያለው ጥንቃቄ እዚህ ላይ ሊረሳ አይገባም። በሬ ገዥ ጥርሱን ከፍቶ ዕድሜውን ይገምታል፣ አስነስቶ ያስኬደዋል፣ ሰኮናውን ያያል፣ ጫንቃው ቀንበር የለመደ መሆኑን በእጁ ይዳስሳል፤ ከሁሉም በላይ ለምን እንደሚሸጥ ይጠይቃል፣ የሻጩን ጎረቤትም ሰምቶ ይመለሳል። ያው ሰው የበሬውን ዋጋ ብዙ እጥፍ ለሚያወጣ መኪና አንድ ዙር ነድቶ ቀብድ ሲከፍል ማየት ያስገርማል።

የመኪና ጥርስ ብዙ ቦታ ተጽፏል። ጎማው ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያል፤ 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። የደህንነት ቀበቶው ጫፍ ላይ የተሰፋችው ጨርቅም በአብዛኞቹ መኪኖች የሥሪት ቀን ትይዛለች። የመስኮቶቹ መስታወት ላይ ያለው ምልክት በአንዱ በር ብቻ ከሌሎቹ ከተለየ ያ መስታወት ተሰብሮ ተቀይሯል፤ መስታወት ከተቀየረ ደግሞ የበሩ ላሜራስ? በፓራፋንጎውና በኮፋኖው መካከል ያለው ክፍተት በግራና በቀኝ እኩል ካልሆነ፣ ወይም ትንሽ ማግኔት አንዱ ቦታ ላይ አልጣበቅ ካለ፣ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ተሞልቷል ማለት ይሆናል። በተለይ ቪትዝን በመሳሰሉ መኪኖች መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መሆን አለመሆኑ መጣራት አለበት፤ ሥራው በጥንቃቄ ካልተሠራ የመሪና የፍሬን ጣጣ ያስከትላል።

በጭነት መኪናዎች ላይ ዋናው ነገር ሻንሲው ነው። ከአቅም በላይ ድንጋይ፣ አሸዋና እህል ሲጫንበት የኖረ አይሱዙ ሻንሲው ሊሰነጠቅና ሊበየድ ይችላል፤ ጭነት እንዲበዛለት ሻንሲው የተቀጠለም ይኖራል። የባሌስትራው ቅጠሎች ከሥሪቱ በላይ ተጨምረው ከተገኙ መኪናው ምን ሲሸከም እንደኖረ ያለ ምስክር ይናገራሉ። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም፤ ፍሬኑና ሻንሲው ያልታየ የጭነት መኪና ኪሳራው ከገንዘብ ያልፋል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ቃል የሚታመነው በመጨረሻ ነው። በቀን 150 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ሚኒባስ በዓመት 330 ቀን ቢሠራ 49,500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በ10 ዓመት ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋል። እንዲህ ያለ መኪና 90 ሺህ የሚል ቆጣሪ ይዞ ከቀረበ ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሷል ወይም ተቀይሯል። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ ማለቁ፣ የመሪው ቆዳ መላጡና የሾፌሩ ወንበር መስመጥ ትክክለኛውን ቁጥር ይመሰክራሉ። ሞተሩ መመርመር ያለበትም ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ በሌላ ቀን ጧት ሳይነገረው መምጣት ይሻላል። መካኒኩም ገዥው ራሱ የመረጠው ይሁን፤ ደላላው የሚያቀርበው መካኒክ ኮሚሽኑን ከማን እንደሚቀበል አይታወቅም።

ከአሜሪካ የገቡ መኪኖች ባለ 17 ፊደልና ቁጥር ሻንሲ ስላላቸው የቀድሞ ታሪካቸውን እዚያው ማጣራት ይቻላል። ካርፋክስን የመሳሰሉ አገልግሎቶች በዚህ ቁጥር የተመዘገበ አደጋንና የኪሎ ሜትር ንባብን በክፍያ ያሳያሉ፤ እዚያ የሚኖር ዘመድ በደቂቃዎች ሊያየው ይችላል። አሥረኛው ፊደል የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፤ B ከሆነ 2011፣ L ከሆነ 2020 ነው። በአገር ውስጥ ደግሞ የመድን ድርጅቶች ክፉኛ የተጎዱ ተሽከርካሪዎችን በጋዜጣ ጨረታ ይሸጣሉ፤ እነዚህ ተጠግነውና ተቀብተው ወደ ገበያ የሚመለሱበት ዕድል አለ። ገዥ የሰሌዳ ቁጥሩን ይዞ የመኪናው መድን የነበረውን ድርጅት መጠየቁ የሚያስከፍለው የለም። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚያስብ ሰው ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የባትሪው ቀሪ አቅም በመሣሪያ መለካት ይኖርበታል፤ ባትሪው የመኪናው ዋጋ ትልቁ ክፍል ነውና።

ይህ ሁሉ ሸክም በገዥው ላይ ብቻ መውደቁ ተገቢ አይደለም። መረጃው አለ፤ የተበታተነ ነው እንጂ። የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ፋይል፣ የዋስትና መዝገቡና የትራፊክ አደጋ መዝገብ በሻንሲ ቁጥር ተገናኝተው አንድ ገዥ በወረዳው ሆኖ ሊጠይቃቸው ቢችል፣ የውክልና ሽያጭም ሆነ የደላላው ቃል ዛሬ ያላቸው ጉልበት አይኖራቸውም ነበር። ገበያው በዚህ ዋጋ ላይ ባለበት ወቅት ሥራው የሚዘገይበት ምክንያት አይታይም።

እስከዚያው ውሉ ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። «አይቼና መርምሬ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚለው የተለመደ ዓረፍተ ነገር ለሻጩ ከለላ ይሆናል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭን ለተሰወረ ጉድለት ዋስ የሚያደርገው ቢሆንም፣ ገዥው በተረከበ ጊዜ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠብቅበታል። ስለዚህ ሻጩ በቃል የተናገረው ሁሉ፣ ሞተሩ አለመፈታቱ፣ አደጋ አለመድረሱ፣ ቀረጡ መከፈሉ በውሉ ላይ ይጻፍ። ክፍያውም በባንክ ይሁን፤ ከዋጋው የተወሰነው ክፍል ስሙ ተዛውሮ አዲሱ ሊብሬ በገዥው እጅ እስኪገባ በስምምነት ቢያዝ፣ ሻጩ ለስም ዝውውሩ የሚቀርብበትን ቀን አያራዝምም።