ብሩሽም እንደ ወይፈን ይገራል



የቢሮ መግቢያ ሰዓት የደረሰበት ወጣት ሠራተኛ፣ ወይም የመጀመሪያው ትምህርት እንዳያመልጠው የሚጣደፍ ተማሪ ጢሙን እንዴት እንደሚላጭ ሁላችንም እናውቀዋለን። ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ረጠብ ያደርግና የገላ ሳሙናውን ሁለት ጊዜ ጉንጩ ላይ አሽቶ ምላጩን ከታች ወደ ላይ ይስባል። ሥራው በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ዋጋው የሚከፈለው ግን ከዚያ በኋላ ነው። አገጩ ሥር ይደማል፤ የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱን በነካው ቁጥር ያቃጥለዋል፤ ጥቂት ቀን ቆይቶም የምስር ፍሬ የሚያህሉ እብጠቶች ይወጡበታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ!

በዚህ ጊዜ ምላጩን የሚራገም ብዙ ነው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የምላጩ ሳይሆን ጢሙ ሳይለሰልስ መቆረጡ ነው። ደረቅ ጢም ጠንካራ ነው፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ ውሃ የጠጣ ጢም ግን በጣም ባነሰ ኃይል ይቆረጣል። ውሃውን ጢሙ ላይ ይዞ የሚያቆየው አረፋ ነው፤ አረፋውን የሚያበጀው ደግሞ ብሩሽ ነው። ስለዚህ የዚህ ሳምንት ጨዋታችን ስለ ጢም ብሩሽ፣ ይልቁንም ባጀር ከሚባለው እንስሳ ጠጉር ስለሚሠራው ብሩሽ ይሆናል።

ባጀር ምን ዓይነት እንስሳ ነው?

ባጀር በአውሮፓና በእስያ የሚኖር፣ እግሩ አጭር፣ ጥፍሩ ረጅም፣ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚያድርና በሌሊት የሚወጣ እንስሳ ነው። ፊቱ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር አለው። በአፍሪካ የሚገኘውና ማር በመውደዱ የታወቀው እንስሳ በስም ዘመዱ ቢመስልም፣ ጠጉሩ ለብሩሽ የሚፈለገው እሱ አይደለም። ፈረንሳይኛ የተማረ አንባቢ ብሌሮ የሚለውን ቃል ያስታውሰው ይሆናል፤ ፈረንሳዮች እንስሳውንም የጢም ብሩሹንም በዚሁ በአንድ ስም ይጠሩታል። ብሩሹና እንስሳው ምን ያህል አብረው እንደኖሩ ከዚህ ይታያል።

ይህ ጠጉር የተወደደበት ምክንያት አለው። እያንዳንዱ ጠጉር ወገቡ ላይ ወፈር፣ ጫፉ ላይ ቀጠን ያለ ነው። ብዙው በአንድነት ሲታሰር በመካከሉ ውሃ የሚቋጥር ባዶ ስፍራ ይተርፋል፤ ጫፉ ደግሞ ፊትን ሳይወጋ ይዳስሳል። ስለዚህ ብሩሹ ውሃውን ይይዝና ፊት ላይ ሲደርስ ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል።

በዛሬው ጊዜ ለብሩሽ የሚሆነው የባጀር ጠጉር በብዛት የሚመጣው ከቻይና ነው። በብሪታንያ ባጀር ከ1973 ጀምሮ በሕግ ይጠበቃል (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እንስሳው ስለሚያዝበትና ስለሚገደልበት ሁኔታ ከባድ ወቀሳ ስለ ተነሣ፣ የባጀር ብሩሽ መሸጥ ያቆሙ ነጋዴዎችም አሉ። ይህን አስቀድሞ አውቆ መወሰን የገዢው ፈንታ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት

በሱቅ ሦስት ዓይነት ብሩሽ ያገኛሉ። አንደኛው የባጀር ነው። ሁለተኛው ከአሳማ ጠጉር የሚሠራው ነው፤ ሲጀመር ደረቅ ቢሆንም ዋጋው ከባጀሩ ያነሰ ነው። ሦስተኛው በፋብሪካ ከሚወጣ ሰው ሠራሽ ክር የተሠራው ነው፤ ሽታ የለውም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ መገራትም አያስፈልገውም። የዛሬው ሰው ሠራሽ ክር የጥንቱን ያህል ሻካራ አይደለም።

የባጀሩን ከመረጡ፣ በእጀታው ወይም በካርቶኑ ላይ ፒዩር፣ ቤስት፣ ሲልቨርቲፕ የሚሉ ቃላት ያያሉ። እንደ ልማዱ ፒዩር የሚባለው ጠቆርና ጠንከር ያለው፣ ቤስት መካከለኛው፣ ሲልቨርቲፕ ደግሞ ጫፉ ነጣ ያለውና ከሁሉ ለስላሳው ነው። ነገር ግን ይህ አጠራር አንዱ ሠሪ ከሌላው ጋር ተስማምቶ ያጸደቀው መለኪያ አይደለም። የአንዱ ቤስት ከሌላው ፒዩር ላይሻል ይችላል። ስለዚህ ቃሉን ትተው ዕቃውን ይመርምሩ። ጫፉን በእጅዎ ጀርባ ላይ ያሽከርክሩት፤ የሚወጋ ከሆነ ፊትዎንም ይወጋል። ጠጉሩን በቀስታ ይሳቡት፤ ብዙ የሚነቀል ከሆነ ሙጫው ደካማ ነው። ጠጉሩ ከታሰረበት ላይ ስፋቱ ከ20 እስከ 24 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሩሽ ለጀማሪ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ትልቅ ፊትን ብቻ ሳይሆን ብዙ ሳሙናም ይፈልጋል።

ገና ደመወዝ መቀበል የጀመሩ ከሆነ፣ ለስሙ ብለው የወር ወጪዎን በአንድ ብሩሽ ላይ አያፍስሱ። በደንብ የተያዘ ርካሽ ብሩሽ፣ ሳይገራና ሳይደርቅ ከሚበሰብስ ውድ ብሩሽ ይበልጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

እንግዲህ ብሩሹን ገዝተው ቤት ገቡ እንበል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። አዲስ የባጀር ብሩሽ ሲረጥብ እንደ እርጥብ እንስሳ ይሸታል፤ ጠጉሩ ይረግፋል፤ አረፋውን ውጦ ያስቀረዋል። ባለቤቱም ተታለልኩ ብሎ ወደ ሳጥን ይወረውረዋል። ነገር ግን ወይፈን በተጠመደበት ቀን ትልሙን ቀጥ አድርጎ የሚያርስ የት አለ? ብሩሽም እንደዚሁ ነው፤ መገራት አለበት። አገራሩም የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ብሩሹን ለብ ባለ ውሃ ያርጥቡት። በመዳፍዎ ላይ ጥቂት የራስ ጠጉር ሻምፖ ያድርጉና ብሩሹን በቀስታ እያዞሩ አረፋ ያስነሡ፤ ከዚያም ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ያለቅልቁት። ይህንኑ ሁለት ጊዜ ይድገሙት። ከጠጉሩ ላይ የቀረው ቅባትና ከፋብሪካ የተረፈው ትቢያ በዚህ ይወጣል።

በዚያው ዕለት ማታ በጢም ሳሙና ወፍራም አረፋ ያበጁ፤ ነገር ግን አይላጩበት። አረፋውን እንደ ያዘ ብሩሹን ለጥቂት ሰዓት ይተዉት፤ ከዚያ አጥበው ያድርቁት። ሽታው ያን ቀን ባይለቅ አይደንግጡ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው ሲያደርጉት እየቀነሰ ይሄዳል። ሽቶ ወይም በረኪና ግን አይጨምሩበት፤ በረኪና ጠጉሩን ይበላዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው መድኃኒት በየጊዜው መጠቀም ብቻ ነው። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቢላጩበት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጫፉ እየለሰለሰ፣ ታፍኖ የነበረው ጠጉር እንደ አበባ እየተከፈተ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ጠጉር ቢረግፍ ልማድ ነው። ከአንድ ወር በኋላም የማያቆም ከሆነ፣ ወይም በአንድ ጊዜ በጭብጥ የሚነቀል ከሆነ፣ ያ የሠሪው ጉድለት ስለሆነ ወደ ሻጩ ይመልሱት። የአሳማ ጠጉር ብሩሽ የገዙ ከሆነ ደግሞ ከዚህ የረዘመ ትዕግሥት ያስፈልግዎታል፤ የእሱ ጫፍ የሚለሰልሰው ሲቆይ እየተሰነጠቀ ነውና። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የየዕለቱ አሠራር

ጢምዎን ከመላጨትዎ በፊት ፊትዎን ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡ። ብሩሹን ለአንድ ደቂቃ ያህል በውሃ ውስጥ ያቁሙት፤ የአሳማ ጠጉር ከሆነ ጥቂት ይጨምሩለት። ውሃው እጅዎ ያለ ችግር የሚችለው ይሁን። ከጀበና እንደ ወረደ የፈላ ውሃ ጠጉሩን ያደርቃል፣ ሙጫውንም ያላላል።

ከዚያ ብሩሹን ጥቂት ያራግፉና ለጢም በተሠራ ሳሙና ላይ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ያሽከርክሩት። ክሬም ከሆነ የሽምብራ ፍሬ ያህል ይበቃል። የገላ ሳሙና አረፋው ቶሎ ይከስማል፣ ቆዳንም ያደርቃል። አሁን አረፋውን በጎድጓዳ ሳህን ወይም በቀጥታ በፊትዎ ላይ ያበጁ፤ የብሩሹን ጫፍ ብቻ ውሃ እያስነኩ ጠብታ በጠብታ ይጨምሩ። አረፋው እንደ እርጎ ወፍሮና አብረቅርቆ፣ ትልልቅ ኩፍታ ሳይኖረው ሲገኝ ደርሷል ማለት ነው። ውሃው ጨው የበዛበት ከሆነ፣ የድሬዳዋ ነዋሪ እንደሚያውቀው፣ ሳሙና አረፋ አልሰጥ ይላል፤ በዚህ ጊዜ ሳሙናውን በርከት ያድርጉ፣ ወይም የዝናብ ውሃ ይጠቀሙ።

ብሩሹን ወደ ፊትዎ አይጫኑት። ጫፉ ብቻ ይሥራ፤ አንድ ጊዜ በክብ፣ አንድ ጊዜ እንደ ቀለም ቀቢ ወዲህና ወዲያ። በኃይል የሚጫኑት ብሩሽ ጠጉሩ ከመካከል እየተሰበረ እንደ ተመለጠ ራስ ይሆናል።

ጢማቸው የተጠቀለለ ወንዶች፣ ማለት በአገራችን ብዙዎቻችን፣ አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ይገባናል። የተጠቀለለ ጢም ከቆዳ በታች እስኪገባ ድረስ ከተላጨ፣ ሲያድግ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋና ያን የምስር ፍሬ የሚመስለውን እብጠት ያመጣል። ብሩሹ ተኝቶ የነበረውን ጠጉር ያነሣሣል፣ ያለሰልሳል፤ ይረዳል እንጂ ብቻውን አያድንም። ስለዚህ ቆዳዎን ወጥረው አይያዙ፤ ጠጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ይላጩ፤ አንዱን ስፍራ ደጋግመው አይፋቁ። እብጠቱ መግል ከያዘ ግን ምላጩን ለጥቂት ሳምንት ያሳርፉና ሐኪም ያማክሩ።

ተላጭተው ሲያበቁ ብሩሹን በደንብ ያለቅልቁት፤ በቀስታ ጨምቀው ያራግፉት፤ በፎጣ ላይ ያመላልሱትና አየር ባለበት ስፍራ ያቁሙት ወይም ይስቀሉት። እርጥብ ብሩሽ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ሻጋታ ማርባት ነው። ወደ ክፍለ ሀገር ሲጓዙም እንደ ደረሱ ከሻንጣ አውጥተው ያናፍሱት።

ከአሮጌ ብሩሽ ይጠንቀቁ

አሁን የምነግርዎትን ግን እንደ ቀላል ነገር አይመልከቱት። አባ ሰንጋ የሚባለውን የከብት በሽታ በአገራችን የማያውቅ የለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህ በሽታ በጢም ብሩሽ አማካይነት ወደ ሰው ፊት ደርሶ ነበር። ጦርነቱ የባጀር ጠጉር ንግድን ስላወከው፣ ከእስያ የመጣ የፈረስ ጠጉር የባጀር እንዲመስል እየተደረገ ይሸጥ ጀመር። ጠጉሩ ከተሕዋስያን በደንብ ሳይጸዳ ስለ ቀረ በብሪታንያና በአሜሪካ ብዙ ወታደሮችና ሲቪሎች በበሽታው ተያዙ፤ የሞቱም ነበሩ። ምላጭ የሚተወው ጥቂት ጭረት ለጀርሙ በቂ በር ነበረ። ከዚህም የተነሣ ብሪታንያ በ1920 ከጃፓን የሚመጣ የጢም ብሩሽ ወደ አገሯ እንዳይገባ ከለከለች።

ዛሬ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ አዲስ ብሩሽ ጠጉሩ አስቀድሞ ስለሚጸዳ ይህ ሥጋት የለበትም። ነገር ግን በውጭ አገር የጥንት ዕቃ እየሰበሰቡ መጠቀም ፋሽን ስለሆነ፣ በ2017 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ተመራማሪዎች ይህንኑ ታሪክ አንሥተው ከ1930 በፊት ስለ ተሠሩ ብሩሾች አስጠንቅቀዋል። አደጋው እጅግ አነስተኛ ቢሆንም፣ የአባ ሰንጋ ዘር በደረቅ ስፍራ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ በሳሙናና በሙቅ ውሃ መታጠብም አያጠፋውም። እንግዲህ በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ያማረ ብሩሽ ገዝቶ ቢልክልዎ፣ አመስግነው በመደርደሪያ ላይ ያኑሩት እንጂ ፊትዎን አያስነኩት።

ብሩሽና ምላጭ መዋዋስም እንዲሁ ነው። ተማሪዎች በአንድ ክፍል ሲኖሩ ሁሉን በጋራ መጠቀም ፍቅር ይመስላቸዋል። ነገር ግን በምላጭ ላይ በዓይን የማይታይ ደም ይቀራል፤ ብሩሹም ያንኑ ከቆዳ ወደ ቆዳ ሊያሻግር ይችላል። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ በዚህ መንገድ ይተላለፋል። እንጀራውን አብራችሁ ብሉ፤ ምላጩንና ብሩሹን ግን ለየብቻችሁ ያዙ።

እንግዲህ፣ ውድ አንባቢ፣ ከዚህ ሁሉ የሚጠየቁት ትልቁ ወጪ ገንዘብ አይደለም፤ በጠዋት ዐሥር ደቂቃ ቀደም ብሎ መነሣት ነው። ያን ከፈጸሙና ብሩሽዎን በየዕለቱ ካደረቁት ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግልዎታል። የዛሬው ጀማሪ ሠራተኛ የክፍል ኃላፊ በሚሆንበት ጊዜም ያው ብሩሽ ከመስተዋቱ ሥር ቆሞ ያገኘዋል።

ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።